የቪትዝ ኢንጀክተር ሲመረመርና ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃያ ዓመት ያለፈው የቶዮታ ቪትዝ ሚኒሞ ላይ (ቆሞ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ሲንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይ ሲለግም ወይም ቤንዚን ሲበላ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ፍርድ «ኢንጀክተር ነው» የሚል ነው፤ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ ማለት ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኢንጀክተሩ የሚቀየረው በካንዴላ፣ ለካንዴላው ኃይል በሚሰጠው ኮይል ወይም በተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ጥፋት ነው። በእርግጥ ተበላሽቶ ሲገኝም ያበላሸው ቆሻሻ ታንኩ ውስጥ እንዳለ ይቀርና አዲሱ በጥቂት ወራት ውስጥ የአሮጌውን ዕጣ ይደርሰዋል። እዚህ የሚሰጡት ቁጥሮች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 በተመረተው ቪትዝ ላይ ለሚገኘው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ናቸው። አሠራሩ ለታናሽ ወንድሙ 2ኤንዜድም ይሠራል፤ ቁጥሮቹን ግን ከራሱ ማኑዋል ያረጋግጡ።

ሌላውን ሳያጠሩ ኢንጀክተርን መክሰስ

ሞተሩ ሚስ ሲያደርግ፣ ማለትም አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲዘል፣ መጀመሪያ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይለዩ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ጤነኛው ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይለወጣል፣ ዙሩም ይወርዳል። ሲነቀል ምንም ለውጥ የማያመጣው ሲሊንደር ነው የታመመው። ለዚህ ሥራ ኮይል አይንቀሉ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያቀልጠዋል።

የታመመው ሲሊንደር ታወቀ ማለት ግን ኢንጀክተሩ ጥፋተኛ ሆነ ማለት አይደለም። ሞተሩን አጥፍተው የዚያን ሲሊንደር ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ። ሚሱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ መልሱ ተገኘ። ካልሄደ ካንዴላውን እንዲሁ ያቀያይሩ፣ ከዚያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ይለኩ። ይህን ሁሉ አልፎ ችግሩ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቆየ ያኔ ኢንጀክተሩንና ሽቦውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሞተሩ በሙሉ ከደከመ ደግሞ አራት ኢንጀክተር በአንድ ቀን አይበላሽም። የቤንዚን ግፊት ይለኩ። ትክክለኛው ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላም ከ147 ኪሎ ፓስካል (21 ፒኤስአይ) በታች መውረድ የለበትም። ግፊቱ ገና ከጅምሩ ዝቅ ካለ ፓምፑን፣ ወንፊቱንና ፊልትሮውን ይመልከቱ። ከጠፋ በኋላ ቶሎ ከወረደ ወይ የፓምፑ መመለሻ ቫልቭ አይዝም፣ ወይ አንዱ ኢንጀክተር ያንጠባጥባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። መጽሐፍ ላይ ያለው ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚለው ልክ ለባሕር ጠለል ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም ሰባት ስምንት ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። 12 ኢንች አይቶ «አየር ያስገባል» ብሎ ማኒፎልዱን (አየር ማከፋፈያውን) መፍታት ትርፉ ድካም ነው።

ሞተሩ እንደጋለ ኦም መለካት

የኢንጀክተሩ ጥቅል ሽቦ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከ13.4 እስከ 14.2 ኦም ማንበብ አለበት። መዳብ ሲሞቅ ግን የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል። ሞተሩ ገና 80 ዲግሪ ላይ እያለ ከለኩት ያው ጤነኛ ኢንጀክተር 17 ኦም ያሳያል፤ በዚህ ምክንያት ስንት ደኅና ኢንጀክተር ተጥሏል። ሞተሩ አድሮ ጠዋት ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አገናኝተው የሚያሳየውን ትርፍ ይቀንሱ። አራቱን እርስ በርስ ማወዳደርም ይጠቅማል፤ ሦስቱ 13.8 ብለው አራተኛው 9 ወይም ወሰን የለሽ ካለ የሚቀየረው እሱ ነው።

ትክክለኛ ኦም ግን ስለ ሽቦው እንጂ ስለ አረጫጨቱ አይናገርም። ረጅም ካቻቢቴ ኢንጀክተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ወደ ጆሮ በማስጠጋት የሚሰማው «ቸክ ቸክ» የሚል ድምፅም እንደዚያው ነው። መርፌው መንቀሳቀሱን ይነግርዎታል፤ ቤንዚኑ እንደ ጭጋግ ይርጨው ወይስ እንደ ቧንቧ ያፍስሰው አይነግርዎትም።

በተራ አምፖልና በቀጥታ ባትሪ መሞከር

ቁልፍ ሲከፈት ከኢንጀክተሩ ሶኬት አንዱ ሽቦ ላይ 12 ቮልት ይመጣል። ኮምፒውተሩ የሚቆጣጠረው የሌላውን ሽቦ መሬት ነው። ሲግናል መኖሩን ለማየት የፍሬን መብራት አምፖል የሚሰኩ ኤሌክትሪሺያኖች አሉ። 21 ዋት አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ይስባል፣ ኢንጀክተሩ ግን ከ0.9 አምፔር አይበልጥም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ትራንዚስተር ከተቃጠለች ችግሩ ከኢንጀክተር ዋጋ ብዙ እጥፍ ወደሚያስወጣ ጉዳይ ይዞራል። ሬዚስተር ያላት ኤልኢዲ መሞከሪያ በቂ ናት።

ወልቆ የወጣ ኢንጀክተርን በባትሪ ማስጮኽም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ማቀዝቀዣው በውስጡ የሚያልፈው ቤንዚን ነው፤ ደርቆ ሳለ 12 ቮልት ተሰክቶ ከቆየ ጥቅሉ ይግላል። ነካ፣ ለቀቅ ብቻ ያድርጉ። ከዚህ የቆዩ አንዳንድ መኪኖች ደግሞ ከ2 እስከ 3 ኦም ያላቸው ኢንጀክተሮች አሏቸው፤ እነዚያ በቀጥታ ባትሪ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላሉ።

ግፊቱን ሳያወጡ መፍታት

በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቁ። የፓምፑን ሶኬት ነቅለው ሞተሩን ያስነሱ፣ ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ሞተሪኖውን አንዴ ደግመው ያዙሩ። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። የቀረችው ጥቂት ቤንዚን የምትፈስበት ጨርቅ ያዘጋጁ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያም አጠገብዎ ይሁን። ጋራዡ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ሥራው ይቁም።

ሳያጸዱ ማውለቅ

ኢንጀክተሮቹ በተቀመጡበት ዙሪያ የዓመታት አቧራና ዘይት ተጋግሮ ይገኛል። ሬሉን፣ ማለትም አራቱ ኢንጀክተሮች የተሰኩበትን ቱቦ፣ ከማንሳትዎ በፊት አካባቢውን በብሩሽና በኮምፕሬሰር አየር ያጽዱ። አለበለዚያ ሲነሳ አሸዋው ቀጥታ ወደ ቫልቩ ይገባል። ቀዳዳዎቹን ወዲያው ንጹሕና ክር በማይተው ጨርቅ ይክደኑ።

ሬሉን አንስተው ማንጠባጠብ ለማየት ግፊት ሲሰጡ ደግሞ አይርሱ፦ ኢንጀክተሩን ሬሉ ላይ የሚይዘው ከታች ያለው መቀመጫው ነው። ሬሉ ከተነሳ በኋላ በሽቦ አጥብቀው ካላሰሩት ግፊቱ ተኩሶ ያወጣዋል፤ ቤንዚኑም ጋራዡን ያጥባል። ጤነኛ ኢንጀክተር ተዘግቶ ሳለ በ12 ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ጠብታ በላይ አያንጠባጥብም።

በቲነር ማሳደርና በሽቦ መጎርጎር

የኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ያህል የጠበቡ ሆነው በተወሰነ ማዕዘን የተበሱ ናቸው። መርፌ ወይም የሽቦ ብሩሽ አንዴ ከነካቸው የቤንዚኑ አቅጣጫ ይዛባል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ለምን ጥቁር ጭስ እንደሚያወጣ ሲጠየቅ መልስ ይጠፋል። ቲነር ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ደግሞ ጎማዎቹን ያሳብጣል፣ የሶኬቱን ፕላስቲክ ያልፈሰፍሳል።

ትክክለኛው እጥበት በአልትራሶኒክ ማሽን ሆኖ ኢንጀክተሩ እየከፈተና እየዘጋ የሚደረገው ነው። ለእጥበት ሲከፍሉ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት በመስታወቱ ቱቦ በዓይንዎ ለማየት ይጠይቁ። ልኩ በ15 ሰከንድ ከ36 እስከ 46 ሲሲ ሲሆን በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ሲሲ መብለጥ የለበትም። ልኬቱን የማያሳይ አጣቢ የሸጠልዎ ተስፋ ነው። የላይኛው መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊትም ከእጥበቱ ጋር መለወጥ አለባት፤ ዝገት የሚጠራቀመው እሷ ላይ ነው።

ቤንዚን ላይ የሚጨመረው ማጽጃ ፈሳሽ ቀለል ያለ ሙጫ ያነሳል። የተቃጠለ ጥቅል አያድንም፣ የሚያንጠባጥብ መርፌም አይዘጋም። ሁለት ጠርሙስ በአንዴ መጨመርም እጥፍ ውጤት አያመጣም።

በመልክ ብቻ መግዛት

ሶማሌ ተራ ላይ የሚደረደሩት የቶዮታ ኢንጀክተሮች በመልክ ይመሳሰላሉ፣ ሶኬታቸውም ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ሲገጠሙ ግን የሚረጩት የቤንዚን መጠን ይለያያል። የ1ኤንዜድ ቁጥር 23250-21020 ነው፤ 1.8 ሊትር ሞተር ያለው ኮሮላ ላይ የሚገኘው 23250-22040 ሌላ ነው። አካሉ ላይ የተጻፈውን ከወለቀው ጋር ያመሳክሩ። ያገለገለ ከገዙ አራቱንም ከአንድ ሞተር የወጡ ይውሰዱና ከመግጠም በፊት በማሽን ያስለኩ። አንዱን ብቻ መቀየር ኃጢአት አይደለም፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ልኬቱ ከሦስቱ ጋር ከተቀራረበ ይሠራል።

አሮጌ ኦሪንግ መመለስ

ብዙ የተደከመበት ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙቀት ላይ የቆየ ጎማ ጠፍጥፎ ደርቋል፤ አንዴ ከወለቀ በኋላ ሲመለስ አይጠብቅም። በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ላይ የላይኛው ኦሪንግ (ክብ ማሸጊያ ጎማ)፣ ከሥሩ ያለው ግሮሜትና የታችኛው መቀመጫ ጎማ ሦስቱም በአዲስ ይተኩ። የላይኛው ካፈሰሰ በግለት ላይ ቤንዚን ይረጫል፣ እሳት ነው። የታችኛው ካፈሰሰ አየር ያስገባና ያው የድሮው መንቀጥቀጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ባለመኪናውም «አዲሱም አልሠራም» ይላል።

ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ የተገዛ ተራ ኦሪንግ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል። የሚጠየቀው ቫይተን የሚባለው ቤንዚን የሚችል ጎማ ነው። ሲገጠም በንጹሕ ቤንዚን ወይም በቀጭን ዘይት ረጠብ ያድርጉት፤ ሲሊኮን ግሪስና ማሸጊያ ሲሊኮን ግን አይጠጉ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን ይመርዛሉ። ኢንጀክተሩን ግራ ቀኝ እያዞሩ ይግፉት፣ በቀጥታ አይጫኑት።

ከሬሉ ሥር የሚቀመጡትን ማራራቂያዎች አይርሱ። ቡሎኖቹን በእጅ ካስያዙ በኋላ እያንዳንዱን ኢንጀክተር በጣትዎ ያዙሩት፤ ያለ ችግር መዞር አለበት። የሚያንቅ ካለ ኦሪንጉ ተቆንጥጧልና አውጥተው ይቀይሩት። ከዚያ ቡሎኖቹን እያፈራረቁ በ19 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። አሉሚኒየም ውስጥ የገባ ቡሎን በጉልበት አይሞከርም።

ቁልፍ ከፍቶ የፓምፕ ድምፅ መጠበቅ

ብዙ መኪኖች ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያሠራሉ። ይህ ቶዮታ ግን ፓምፑን የሚያስነሳው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ድምፅ ስላልሰሙ ፓምፑ ሞቷል ብለው የኋላ መቀመጫውን እንዳይፈቱ። ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ አዙረው ያቁሙ፣ በባትሪ መብራት አራቱንም መገጣጠሚያዎች ይመልከቱ፣ ደረቅ መሆናቸውን በጣት ያረጋግጡ፣ ከዚያ ሞተሩን ያስነሱ። ሲሞቅም ደግመው ይዩ።

ታንኩንና ዘይቱን መርሳት

በሃይላንድ እየተቀዳ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን ውኃና አቧራ ሊኖረው ይችላል፣ ከነጭ ጋዝ የተደባለቀም ያጋጥማል። ከወለቀው ኢንጀክተር ወንፊት ላይ ቀይ ዝገት ካገኙ ታንኩ ሳይታጠብ፣ ፓምፑ ላይ ያለው ወንፊትና ፊልትሮ ሳይቀየሩ አዲስ ኢንጀክተር መግጠም ገንዘብ መበተን ነው።

የወለቀው ያንጠባጥብ ከነበረ የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱ። ዘይቱ ከመጨረሻው መስመር በላይ ከወጣ ወይም ቤንዚን ከሸተተ ከፊልትሮው ጋር ይቀይሩት፤ የቀጠነ ዘይት ኩዚኔታውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን መቀመጫ) ይበላል። የጠቆሩትን ካንዴላዎችም አብረው ያስወግዱ።

የባትሪው ኔጌቲቭ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የድሮውን ማካካሻ ረስቶ እንደገና ይማራል፤ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ሚኒሞው ትንሽ ቢዋዥቅ አይደንግጡ። ስካነር ካለዎት የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ ከልኩ ላይ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ቤንዚን በመቶኛ) ያንብቡ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ቪትዞች ግን ከርካሽ ስካነር ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። ከ10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ካላለፈ ደኅና ነው። አሁንም ወደ 20 በመቶ ጨምሮ ከተገኘ ኢንጀክተሮቹን አይንኩ፤ ከአየር ፊልትሮው ጀምሮ እስከ ማኒፎልዱ ያሉትን ቱቦዎች፣ በተለይም ከታፔት ክዳኑ የሚመጣውን የእንፋሎት ቱቦ ስንጥቅ ይፈልጉ።