ኤችኤፕሮክሲ 502፣ 503 ወይም 504 ሲመልስ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ኤችኤፕሮክሲ በተጠቃሚዎችና በሰርቨሮች መካከል ቆሞ ጥያቄዎችን የሚያከፋፍል ፕሮክሲ ነው፤ 502፣ 503 እና 504 ከሰርቨሩ ደህና ምላሽ ሳያገኝ ሲቀር የሚመልሳቸው የስህተት ቁጥሮች ናቸው። ስህተት በታየ ቁጥር ብዙዎች መጀመሪያ የሚነኩት ታይምአውቱን (የመጠበቂያ ጊዜ ገደቡን) ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ከቦታው ያዛውረዋል እንጂ አይፈታውም። የ503 ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ፈጽሞ የማይገናኙ መንስኤዎች ያንኑ ቁጥር ይሰጣሉ። የሚለያቸው ሎጉ፣ ማለትም ፕሮክሲው ስለ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ስለዚህ ኮንፊጉ (የቅንብር ፋይሉ) ውስጥ «ኦፕሽን ኤችቲቲፒሎግ» መኖሩን አረጋግጡና የማቋረጫውን ምልክት የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት አንብቡ።

አንደኛው ፊደል ማን እንዳቋረጠ፣ ሁለተኛው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተቋረጠ ይናገራል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ትርጉሙን ይለውጠዋል፦ ትልቁ ኤስ ሰርቨሩ ራሱ ዘግቷል ወይም ከልክሏል ማለት ሲሆን፣ ትንሹ ኤስ ሰርቨሩ እየተጠበቀ ጊዜው አልቋል ማለት ነው። ፒ ከሆነ ያቋረጠው ፕሮክሲው ነው። በሁለተኛው ቦታ ኪው በወረፋ ላይ፣ ሲ ግንኙነቱ ሲከፈት፣ ኤች የምላሹ ሄደር (ከይዘቱ በፊት የሚመጣው መግለጫ) ሲጠበቅ ማለት ነው። እዚያው መስመር ላይ በስላሽ የተለዩት አምስት ቁጥሮች በሚሊሰከንድ ናቸው፦ ጥያቄው ተሟልቶ እስኪደርስ፣ በወረፋ፣ ግንኙነቱ እስኪከፈት፣ የምላሹ ሄደር እስኪመጣ፣ በመጨረሻም ጠቅላላው። -1 ካያችሁ ጥያቄው ያንን ደረጃ አላለፈም።

503፣ በሰርቨሩ ስም ቦታ «ኖሰርቭ»

ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር የለም ማለት ነው። አፕሊኬሽኑ በቀጥታ ሲጠሩት የሚመልስ ከሆነ ሄልዝ ቼኩን (ሰርቨሩ ጤነኛ መሆኑን የሚፈትሸውን ሙከራ) ጠርጥሩ። «ኦፕሽን ኤችቲቲፒቼክ» ያለ ተጨማሪ መመሪያ ሲጻፍ፣ የሚላከው በኤችቲቲፒ 1.0 የተጻፈ፣ የጣቢያውን ስም የሚናገረው የሆስት ሄደር የሌለው የኦፕሽንስ ጥያቄ ነው። ብዙ አፕሊኬሽኖች ለዚህ 400፣ 404 ወይም 405 ይመልሳሉ፤ ጤነኛ ተብለው የሚቆጠሩት ደግሞ 200ዎቹና 300ዎቹ ብቻ ናቸው። በነባሪው በየ2 ሰከንዱ ይሞከራል፤ 3 ጊዜ ከወደቀ ሰርቨሩ ይወጣል፣ 2 ጊዜ ካለፈ ይመለሳል። የስታቲስቲክስ ገጹ ላይ «ኤል7ኤስቲኤስ» (ሰርቨሩ መልሷል፣ ቁጥሩ ግን ተቀባይነት የለውም) ከተጻፈ ጉዳዩ ይኸው ነው። በ«ኤችቲቲፒ-ቼክ ሴንድ» የጌት ጥያቄ፣ ትክክለኛውን መንገድና የሆስት ሄደር ስጡት። «ኤል4ኮን» (ግንኙነቱ ራሱ አልተከፈተም) ከሆነ ግን ፖርቱንና ፋየርዎሉን ተመልከቱ።

503፣ ትልቅ ኤስና ሲ፣ የሰርቨሩ ስም ተጽፎ

ግንኙነቱ ተከልክሏል። ፖርቱ ትክክል ሆኖ ከቀጠለ ሰርቨሩ አይፒ ቀይሮ እንደሆነ እዩ። ኤችኤፕሮክሲ በነባሪው የሰርቨር ስም ወደ አይፒ የሚለውጠው ሲነሳ ብቻ ነው፤ አድራሻው ቢቀየር አያውቅም። ስሙን በየጊዜው ከዲኤንኤስ የሚያስጠይቅ የ«ሪዞልቨርስ» ክፍል ጽፋችሁ በሰርቨሩ መስመር ላይ ጥቀሱት። ሪሎድ ማድረግ (ኮንፊጉን እንደገና ማስነበብ) ለጊዜው ያስታግሳል፣ በሚቀጥለው ለውጥ ችግሩ ይመለሳል።

504፣ ትንሽ ኤስና ኤች

ሰርቨሩ «ታይምአውት ሰርቨር» እስኪያልቅ ሄደር አልላከም። እዚህ ላይ መታገስ ያስፈልጋል። ለሁሉም በሚሠራው የ«ዲፎልትስ» ክፍል ውስጥ 30 ሰከንዱን 300 ብታደርጉት፣ ቀርፋፋ ጥያቄዎች የሰርቨሩን «ማክስኮን» (በአንዴ የሚቀበለው የግንኙነት ብዛት ገደብ) ቦታ ይዘው ይቆያሉ፤ ሌሎቹ ወረፋ ላይ ይከማቻሉ፤ ከዚያ 504 የነበረው 503 ሆኖ በትንሽ ኤስና ኪው ይመጣል። የወረፋው ጊዜ ካልተጻፈ የ«ታይምአውት ኮኔክት» ዋጋ ስለሚወሰድ፣ ወረፋው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጣል ይጀምራል። የትኛው መንገድ እንደሚዘገይ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ቁጥር ለዩ፤ በባሕርዩ ረጅም የሆነውን፣ ለምሳሌ ትልቅ ሪፖርት ማውረድን፣ የራሱ ታይምአውት ወዳለው የተለየ ባክኤንድ (የሰርቨሮች ቡድን) አዙሩ። የቀረው አፕሊኬሽኑ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።

502

ትልቅ ኤስና ኤች ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሄደሩን ሳይጨርስ ዘግቷል፦ ፕሮሰሱ ወድቋል፣ ወይም ክፍት ሆኖ የቆየ ግንኙነት በሰርቨሩ በኩል በተዘጋበት ቅጽበት ጥያቄ ተልኮበታል። ሁለተኛው የሚበረታው ክፍት ግንኙነቶች እንደገና ጥቅም ላይ እንዲውሉ የሚያዘው «ኤችቲቲፒ-ሪዩዝ» «ኦልዌይስ» ሲሆን ነው። ጥያቄው መቼ ድጋሚ እንደሚላክ በሚወስነው «ሪትራይ-ኦን» ላይ «ኮን-ፌይለር» እና «ኤምፕቲ-ሪስፖንስ» ጻፉ፤ ለፖስት (መረጃ ለሚያስገቡ) ጥያቄዎች ግን ድጋሚ መላኩን አጥፉ፣ አለበለዚያ አንድ ክፍያ ሁለቴ ሊመዘገብ ይችላል።

ፒና ኤች ከሆነ፣ ምላሹ የተበላሸ ነው ወይም ሄደሩ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው። መልእክቱ የሚያርፍበት የሜሞሪ ቋት በነባሪው 16384 ባይት ሲሆን 1024ቱ ፕሮክሲው ሄደር ለሚያክልበት ወይም ለሚለውጥበት ይቀመጣል። በአስተዳደር ሶኬቱ «ሾው ኤረርስ» ብትሉ የተበላሸውን ምላሽና ስህተቱ የተገኘበትን ባይት ያሳያችኋል። ያበጠ ኩኪ ከተገኘ እሱን ቀንሱ፤ ቋቱን ማሳደግ በእያንዳንዱ ግንኙነት የሚያዘውን ሜሞሪ ስለሚጨምር ወደ መጨረሻ ይቆይ።

ችግሩን ለኤችኤፕሮክሲ ፕሮጀክት ስታሳውቁ

የ«ኤችኤፕሮክሲ -ቪቪ» ሙሉ ውጤት፣ የይለፍ ቃል የተሰወረበት ኮንፊግና ያልተቆረጡ የሎግ መስመሮች አያይዙ። የሰነድ ማሻሻያ የምትልኩ ከሆነ የስህተቱን ቁጥር ያለ ፊደላቱ አትጻፉ፤ ነባሪ ዋጋዎችንም ከሶርስ ኮዱ ጋር አመሳክሩ፣ ከስሪት ስሪት ይለያያሉና። ማንኛውንም ለውጥ ከመጫናችሁ በፊት «ኤችኤፕሮክሲ -ሲ -ኤፍ» ከፋይሉ ስም ጋር አስኪዱ፤ ማስጠንቀቂያዎቹንም እንደ ስህተት ቁጠሯቸው።