እድሳት ላይ ባለ ተርሚናል ሳይደናገሩ ወደ ጎጃም እንዴት ይበረራል?

እድሳት ላይ ባለ ተርሚናል መንገድ የሚጠፋው ለአዲስ ሰው ይመስላል። አዲስ ሰው ግን ይጠይቃል፤ የሚጠፋው «አውቀዋለሁ» የሚለው ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እመላለሳለሁ። አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው ተርሚናል ግማሹ በኮምፔርሳቶ ታጥሮ ሳለ፣ እግሬ በለመደው ሄጄ የጎንደር ተሳፋሪዎች ሰልፍ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቆሜአለሁ። አብራኝ የነበረችው እናቴ አውሮፕላን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከሰልፉ ወጣ አለችና አንዷን ሠራተኛ «ልጄ፣ ጎጃም የሚሄደው በየት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳቅ ብላ «በዚያ በኩል ነው እማማ፣ ይምጡ ላሳይዎት» አለቻት። እኔም ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኩት ልማድ ነው። ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድም፣ ከባሕር ዳር ለሚነሳም ያገለግላል።

1. ሰዓቱንና ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 07:10 ማለት ጠዋት 1:10፣ 13:30 ከሰዓት በኋላ 7:30፣ 19:00 ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ማለት ነው። ዘዴው ስድስት መቀነስ ነው፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ እንደገና 12 ቀንሱለት። 07:10ን «ሰባት ሰዓት ከአሥር» ብሎ ያነበበ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ ትኬት ይቆርጥና ለአባቱ በስልክ ሲያነብላቸው እንዲህ ያለው ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል።

ቀኑም ያው ነው። ጃንዩወሪ 11 በአብዛኛው ዓመት ጥር 3 ላይ ይውላል። «11» የሚለውን ብቻ አይቶ በጥምቀት ዕለት የሚበር የመሰለው ሰው፣ ትኬቱ ከተቃጠለ ስምንት ቀን ሆኖታል።

ትኬት ስትቆርጡ የሚመዘገበው ስልክ የተጓዡ ይሁን። በረራው ቢቀየር መልእክቱ የሚላከው ወደ ተመዘገበው ቁጥር ነው፤ ልጅ ስልክ ላይ የገባ መልእክት ዳንግላ መናኸሪያ ቆመው መኪና የሚጠብቁትን አባት አይደርሳቸውም።

2. ምን እየታደሰ እንደሆነ ለዩ

«ኤርፖርቱ እየታደሰ ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን አይበቃም። ተርሚናሉ ማለትም ሕንፃው ከሆነ የሚታደሰው፣ በረራው እንደወትሮው ይቀጥላል፤ የሚቀየረው በሩ፣ ወረፋውና መሄጃው ነው። ሥራው ማኮብኮቢያው ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በረራ ወደ ሌላ ሰዓት ሊዛወር፣ ከነጭራሹም ሊቋረጥ ይችላል። ያኔ ለባሕር ዳር ሰው ቅርቡ ጎንደር ነው፤ እሱም በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ስለዚህ በዋዜማው ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥሪ ማዕከል 6787 ደውላችሁ «የነገው በረራ በሰዓቱ ነው? በየትኛው በር ነው የምንገባው?» በሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም።

አስታውሱ፣ መንገዱ ሁለት ጫፍ አለው። የቦሌ የአገር ውስጥ ተርሚናል የማስፋፊያ ሥራው አልቆ የተመረቀው በ2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብቻ የሚያውቀው ሰው አሁን ሲመጣ እንደ አዲስ ይየው።

3. ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት ከበረራው ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ

ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ የተለመደ ነው። ግንባታ ካለ እኔ ሦስት አደርገዋለሁ። ሁለት የነበረው መግቢያ አንድ ይሆናል፣ ሁለት የነበረው የፍተሻ ማሽንም አንድ፤ መኪና የሚያወርድበት ቦታ ከበሩ ይርቃል፣ ቀሪውን በእግር ሻንጣ እየጎተቱ ነው። ባጃጅ ወይም ታክሲ ስትይዙ «እስከ የት ድረስ ያስገቡሃል?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ከባሕር ዳር መሃል ከተማ እስከ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው ከወረዳ የሚመጣው ነው። ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ250 ይበልጣል። ከማርቆስ ተነስቶ በዚያው ቀን የጠዋት በረራ ላይ እደርሳለሁ ማለት አጉል ድፍረት ነው፤ ባሕር ዳር ገብታችሁ እደሩ። የመንገዱንም ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ደውላችሁ ጠይቁ።

4. ጓዙ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጎጃም ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለምና። ቅቤ አለ፣ ማር አለ፣ በርበሬና ሽሮ አለ፣ የዘጌ ቡና አለ፣ «ይችን ለእገሌ አድርስልኝ» የተባለ ፌስታልም አይቀርም።

በደህናው ጊዜ ሻንጣው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ተንሸራቶ ይሄዳል። ግንባታ ሲኖር ግን ቀበቶው ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ዕቃው በሰው እጅ ይነሳል፣ በጋሪ ይገፋል፣ ክረምት ከሆነም ዝናብ ያገኘዋል። ማዳበሪያ ጆንያ ይህን አይችልም። ሽሮና በርበሬውን በሁለት ላስቲክ አድርጉና ካርቶን ውስጥ ከታችሁ በስኮች ጥምጥም አድርጉት። ቅቤው ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ደርቆ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይሁን። የባሕር ዳር ሙቀት ቅቤ አይምርም፤ የቀለጠ ቅቤ ያለፈበትን ሻንጣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ብታጥቡትም ሽታው አይለቅም።

ማርና ቅቤ ጭነት ውስጥ እንጂ እጅ ሻንጣ ውስጥ አታድርጓቸው። ፈታሾች እንደ ፈሳሽ ይቆጥሯቸዋል፣ በማሽኑም ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ሆነው ስለሚታዩ «ክፈቱት» መባሉ አይቀርም። ከላይ በኩል፣ በቀላሉ በሚወጣበት አስቀምጡት። አንድ ማሽን ብቻ በሚሠራበት ቀን ሙሉ ሻንጣ ወለል ላይ ዘርግፋችሁ ማር ስትፈልጉ ከኋላችሁ ያለው ሕዝብ ዝም ብሎ አይመለከታችሁም።

አረቄን በተመለከተ፦ በዓለም አቀፉ ደንብ የአልኮል መጠኑ ከ70 በመቶ የሚበልጥ መጠጥ በአውሮፕላን ጨርሶ አይጫንም። ከ24 እስከ 70 በመቶ ያለው ቢሆን እንኳ በመደብር ማሸጊያው መሆን አለበት፣ ለአንድ ሰውም ከ5 ሊትር አይበልጥም። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ዳግም አረቄ መጠኑም አይታወቅም፣ ማሸጊያም የለውም። እዚያው ከዘመድ ጋር ጠጥታችሁ መምጣት ይሻላል።

ፓወር ባንክ በተቃራኒው ጭነት ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ግንባታ ባለበት ተርሚናል ሶኬት ሁሉ መብራት አለው ብላችሁ አትመኑ፤ ስልካችሁን ቤት ሞልታችሁ ውጡ።

የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚበረው ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው-400 ስለሆነ የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው፤ ትልቅ ከሆነባችሁ ደረጃው ሥር ይቀበሏችኋል።

ሻንጣችሁን ስታስረክቡ የሚለጠፍበትን ወረቀት እዩ። ለባሕር ዳር በላቲን ፊደል ቢ-ጄ-አር፣ ለአዲስ አበባ ኤ-ዲ-ዲ ነው የሚለው። ዕቃ በእጅ በሚለይበት ቀን እነዚህን ሦስት ፊደላት ማየት ከንቱ ጭንቀት አይደለም።

5. በሩ ላይ

መታወቂያና ትኬት በአንድ እጅ ይሁን። የትኛውን መታወቂያ እንደሚቀበሉ በዋዜማው ስትደውሉ ጠይቁ፤ ስሙም ትኬቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ትኬቱን በወረቀት አትሙት፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ወረቀት አያሳፍርም።

ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ብቻቸውን የምትልኩ ከሆነ ይህን አስቡበት፤ በደህናው ጊዜ ሃያ እርምጃ የነበረው መንገድ አሁን በአጥር ዙሪያ የሚዞር ሊሆን ይችላል። ዊልቸር ትኬት ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከሁለት ቀን በፊት አስመዝግቡላቸው። ካልሆነም በሩ ላይ አንድ የባሕር ዳር ተሳፋሪ ፈልጉና «ጋሼ፣ እናቴን አደራ» በሉ። እምቢ የሚል እስካሁን አልገጠመኝም።

6. ውስጥ ከገባችሁ በኋላ

ምልክት አትመኑ። ሥራ ላይ ባለ ሕንፃ የድሮው ሰሌዳ ሳይነሳ አዲሱ በወረቀት ተጽፎ አጠገቡ ይለጠፋል፤ ቀስቱ ወደ ቆርቆሮ አጥር የሚያመለክትበት ጊዜም አለ። ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ጠይቁ። የቀን ሠራተኛውን ግን አትጠይቁ፤ አክብሮ ያሳያችኋል፣ የሚያሳያችሁ ግን ትናንት የነበረውን በር ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ እወቁ፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚዘጋው እሱ ነው። ቀጥሎ የመሳፈሪያው በር በዓይን የሚታይበት ቦታ ተቀመጡ። ድሪል እየጮኸ ድምጽ ማጉያው የሚለው አይሰማም፤ ሰው ሲነሳ አይታችሁ መነሳት ይሻላል። ያውም ዝም ብሎ ከተነሳው ሕዝብ ጋር ሳይሆን፣ «የት ነው?» ብላችሁ።

አቧራ አለ። ነጠላ የለበሰች አፍና አፍንጫዋን ትሸፍን፣ አስም ያለበት መድኃኒቱን ኪሱ ያድርግ። ሕፃን ልጅ እጁ ይያዝ፤ ወለሉ ላይ የተጋደመ ገመድ አይጠፋም።

7. ወደ አውሮፕላኑ

የእኔን ሩብ ሰዓት የበላው እዚህ ላይ ነው። በሮች ሲቀነሱ ሁለት በረራ በአንድ በር ይጠራል፤ የጎንደርና የባሕር ዳር ሰው ጋቢውም አነጋገሩም ስለሚቀራረብ ሰልፉን አይቶ መለየት አይቻልም። ሦስት ቦታ ጠይቁ፦ ሰልፉ ጫፍ ላይ፣ ወረቀታችሁ ሲቀደድ፣ አውሮፕላኑ ደረጃ ሥር። ሦስተኛው ላይ እናቴ «ጎጃም ነው አይደል?» አለች፤ አስተናጋጇም «ጎጃም ነው፣ ይግቡ» አለቻት።

በእግር የምትሄዱ ከሆነ ከተሰመረው መስመር አትውጡ፣ ፕሮፔለሩ ቆሞ ቢሆንም አትጠጉ። ፎቶ ለማንሳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

በር ተቀይሮባችሁ በረራው ካመለጣችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አትከራከሩ፤ የመሳፈሪያ ወረቀቱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ አየር መንገዱ ጠረጴዛ ሂዱ። ከቀጣዩ በረራ ቦታ የሚገኘው ቀድሞ ለደረሰ ነው።

8. ስትደርሱ

በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ተቀባያችሁ ከእናንተ ቀድሞ ላይወጣ ይችላል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉለት። ሻንጣ የሚወጣበት ቦታ ከተዛወረ ሕዝቡን ተከትላችሁ ሂዱና የያዛችሁትን ቁራጭ ከሻንጣው ወረቀት ጋር አመሳክሩ፤ ካርቶን ሁሉ ይመሳሰላል።

መገናኛ ቦታ ስትቀጥሩ «በሩ ጋ» አትባባሉ፤ የትኛው በር እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኔን ሊቀበል የመጣው አጎቴ በስልክ «ቀይ ሲኖትራክ አለ አይደል፣ እሱ ሥር ነኝ» አለኝ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ሲኖትራኩ ጠጠሩን አራግፎ ሄዷል። የማይነሳ ነገር ምረጡ፤ ዛፍ፣ የጥበቃ ቤት ወይም የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ።