ለመገጣጠሚያ ሕመም ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ናፕሮክሲን ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ አላስታግስ ሲል ሌላውን መደረብ ሕመሙን እምብዛም አይቀንሰውም፤ የጨጓራ መድማትን አደጋ ግን ይጨምራል። እባክዎ ይህን ስሕተት አይሥሩ። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም አይቡፕሮፌን አላቸውና ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ከምግብ ጋር መውሰድ የጨጓራን ማቃጠል ሊያቀልል ይችላል። ከቁስለት ግን አያድንም፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ከገባ በኋላም የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቁት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ ያደርጋልና። ስለዚህ ዕድሜዎ ከ65 ዓመት በላይ ከሆነ ወይም ቀደም ሲል የጨጓራ ቁስለት ከነበረብዎ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መከላከያ አብሮ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰዎ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ እስከ ነገ አይጠብቁ።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይቡፕሮፌን ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1200 ሚሊ ግራም አይለፍ። የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባቸው፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች ግን ሐኪም ሳያማክሩ አንድም ፍሬ መዋጥ የለባቸውም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዝዎም ኩላሊትዎ እንዳይጎዳ ለጊዜው ያቁሙት።

ሕመሙ ጉልበት ወይም እጅ ላይ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ እንዲሞከር የምመክረው የዳይክሎፌናክ ቅባት ነው። ወደ ደም የሚገባው መጠን ከኪኒኑ በእጅጉ ያነሰ ነው። ጉልበትዎን ከቀቡ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።