ክሮንታብ የሚነካ ፕሮግራም ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ባካፑ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል» ብሎ አንድ ደንበኛ ደወለልን። ሰርቨሩ ደህና ነው፤ ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ክሮንም፣ እየሠራ ነው። የሥራዎቹንና የሰዓታቸውን ዝርዝር የያዘውን ፋይል፣ ክሮንታቡን፣ ስንከፍተው ግን ያለው አንድ መስመር ብቻ፤ እሱም የኛው ፕሮግራም የጻፈው። ሌላው ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል።

ማንበብ አለመቻልን እንደ ባዶ መቁጠር። የክሮንታብ ትእዛዝ አዲስ ፋይል ሲሰጠው በነበረው ላይ አይጨምርም፤ አሮጌውን አንስቶ በአዲሱ ይተካዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያለውን አንብቦ፣ የራሱን ጨምሮ፣ ሁሉንም መልሶ መጻፍ አለበት። የኛም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ያን ቀን ግን ማንበቡ ከሸፈ፤ ፕሮግራማችን «ምንም የለም ማለት ነው» ብሎ ቀጠለ። እውነት ለመናገር መለየቱ ቀላል አይደለም፤ ክሮንታብ የሌለው ተጠቃሚም ሲጠየቅ የሚመጣው ስህተት ነው። የስህተት ኮዱ ብቻውን አይበቃም፤ መልእክቱም መታየት አለበት። ካላወቅን ደግሞ አለመጻፍ ነው።

የራስን መስመር በቃል መፈለግ። አሮጌውን ለማንሳት «ባካፕ» የሚል ያለበትን መስመር ሁሉ የሚሰርዝ ኮድ አይቻለሁ። የዳታቤዙ ሰው የጻፈውም «ባካፕ» ይላል እኮ! ከመስመሮቻችን በላይና በታች በ# የሚጀምር ምልክት አስቀምጦ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን አለመንካት።

የ% ምልክት። ይቺ ብዙ ሰው አታላለች። የሎግ (የሥራ መዝገብ) ፋይል ስም ላይ ቀን ለማስገባት % እንጠቀማለን፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሲሞከር ይሠራል። ክሮን ግን ትእዛዙን መጀመሪያ ያገኘው % ላይ ይቆርጠውና የቀረውን ለፕሮግራሙ እንደ ግብዓት ይሰጠዋል። ከፊቱ \ ይደረግበት።

የመጨረሻው መስመር። መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ከሌለ፣ አንዳንዱ ክሮን ፋይሉን አልቀበልም ይላል፤ አንዳንዱ መስመሩን ዝም ብሎ ይዘለዋል። ዝም የሚለው ይብሳል።

ሰዓቱ። ይሄ የኛው ጣጣ ነው። ተጠቃሚው «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይላል፤ ፕሮግራሙ 0 8 * * 2 ብሎ ይጽፋል (በተራ፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ዕለት፤ * «ሁሉም» ማለት ነው፣ ዕለቱ ላይ 1 ሰኞ፣ 2 ማክሰኞ)። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ማክሰኞ ጠዋት 5 ሰዓት፣ ቢሮው ሞቅ ባለበት ነው። የኛ ሌሊት 8 በክሮን 2 ነው፤ ከዩቲሲ ደግሞ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ትክክለኛው 0 23 * * 1 ነው። ልብ በሉ፣ ቀኑም ወደ ሰኞ ተመልሷል። ሰዓቱን አስተካክሎ ቀኑን የሚረሳ ፕሮግራም ሥራውን በ24 ሰዓት ያዘገየዋል።

ቀንና ዕለት አብሮ መሙላት። 0 2 13 * 5 «13ኛው ቀን ዓርብ ሲውል» ማለት አይደለም። በየወሩ 13ኛው ቀንም፣ በየዓርቡም ይሠራል።

ከዚያ ስልክ ወዲህ ፕሮግራማችን ከመጻፉ በፊት የነበረውን ክሮንታብ ቀን ሰጥቶ ቅጂውን ያስቀምጣል። ለሰውም ይጠቅማል፤ ከክሮንታብ ትእዛዝ ጋር ለማስተካከል የሚጻፈው ኢ (-e) እና ያለ ጥያቄ ሁሉን የሚሰርዘው አር (-r) ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው።