መኪናዎ አቀበት ላይ እንዳይፈላ፦ የሞተር ማቀዝቀዣን በተሻሻሉ ዕቃዎች እንዴት ማጠናከር ይቻላል?

ከሚሌ ተነሥቶ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ደሴ የሚገባ መኪና 2,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የአፋር ቆላ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ በረሃ ሲጠብሰው ውሎ፣ ጭነቱን እንዳዘለ፣ ከሁሉ የከበደውን ሥራ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጉጦ፣ በጀሪካን ውሃ የሚጠብቅ ሹፌር እዚያ ማየት ብርቅ አይደለም።

እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ። ሐረጎ ላይ ሁለት ጊዜ ከፈላብኝ በኋላ ገንዘብ አጠራቅሜ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ወፍራም የአልሙኒየም ራዲያተር አስመጣሁ፤ ከመኪናው ጋር ከመጣው እጥፍ የሚወፍር። ተገጠመ፣ አብረቀረቀ፣ ጎረቤት ሁሉ አየው። በሳምንቱ እዚያው ኩርባ ላይ ፈላ። ጥፋቱ የራዲያተሩ አልነበረም፤ ምን እንደነበር ቬንትሌተሩ ጋ ስንደርስ እናገራለሁ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ግን ይህን ነው፦ መኪናው የት ቦታ እንደሚሞቅ ሳይታወቅ ዕቃ አይገዛም።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ አይከፈትም። በግፊት የተያዘው ውሃ ክዳኑ እንደላላ ባንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሞተሩን አጥፍተው ቡና ያስፈሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ይበሉ። ከዚያ በኋላ በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው፣ መጀመሪያ በከፊል ብቻ አዙረው፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ይክፈቱት።

1. የት እንደሚሞቅ ይለዩ

በቀስታ ሽቅብ ሲወጣ ብቻ የሚሞቅ መኪና የአየር ችግር አለበት። በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግም ከፊት የሚመጣ ነፋስ የለም፤ ራዲያተሩን የሚያናፍሰው ቬንትሌተሩ ብቻ ነው። በደሴ ከፍታ ደግሞ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ቬንትሌተር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

በቆቦ ሜዳ ወይም ከባቲ በታች በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ የሚሞቀው ደግሞ የውሃ ችግር ያለበት ነው። ነፋስ ሞልቷል፤ ውሃው ግን አይዞርም ወይም ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል። ጠዋት ተነሥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር የሚከፍተው) ተዘግቶ ቀርቷል፣ አለዚያም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሏል።

ጓርኒሲዮኑን ያለ መሣሪያ ማየት ይቻላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሡት። ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ቢንተከተክ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ቢታይ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ቢበዛ፣ ይህን ጽሑፍ እዚሁ አቁመው ቴስታታውን ያስከፍቱ። ማንኛውም ራዲያተር ይህን አያድንም።

2. መጀመሪያ ያጽዱ

ገንዘብ የማያስወጣ ማሻሻያ ይህ ነው። በመኸር ጊዜ በራያ ቆቦና በሐርቡ በኩል የነዳ ሰው ራዲያተሩ ፊት ያለውን ገለባ፣ አንበጣና አቧራ ይመልከት። የማጠቢያ ውሃውን በጎማ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ግፊቱን ቀንሰው ይልቀቁበት። በኃይለኛ ግፊት ከፊት ከመቱት ቀጫጭን ክንፎቹ ተጣጥፈው ቀዳዳውን ይደፍኑታል፤ ገለባውም ወደ ውስጥ ይገባል። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከሆነ በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የአየር ማቀዝቀዣው መረብ መካከል የተቀበረው አቧራ ከፊት አይታይም፤ ከላይ በባትሪ ብርሃን አጎንብሰው ይዩ።

3. እውነተኛ ቴርሞሜትር ያስገቡ

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት ብዙ ጊዜ አይነግርም። በብዙ መኪኖች ላይ ውሃው 80 ቢሆንም 100 ቢጠጋም ቀስቱ መሐል ላይ ይተኛል፤ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጊዜው አልፏል። በዲጂታል ቁጥር የሚያሳይና የሚጮህ መለኪያ ይግዙ። ዳሳሹ የላይኛውን ቱቦ ቆርጦ በመሐሉ በሚገባ የአልሙኒየም ቀለበት ላይ ይታሰራል። ጩኸቱን 100 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ግን ይህ ዳሳሽ አየር እየለካ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ዳሳሽ በቀጥታ ከቴስታታው ብረት ጋር፣ በአንድ ብሎን ሥር ቢታሰር እኔ እመርጣለሁ።

4. ክዳኑና ቴርሞስታቱ

ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ብዙ ቴርሞስታቶች 82 ላይ መከፈት ይጀምሩና ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት 95 አካባቢ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፦ የራዲያተር ክዳኑ ጎማ ከደረቀና ግፊት ካልያዘ፣ ቴርሞስታቱ ሥራውን ሳይጨርስ ውሃው ይፈላል። ደህና የሆነ፣ የ0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን ግን ያንኑ ውሃ ደሴ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይይዘዋል። ስለዚህ ከሁሉም አስቀድሞ አዲስ ክዳን ይግዙ፤ ከራዲያተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ከ0.9 ወደ 1.1 ባር ከፍ ማድረግ የሚቻለው ቱቦዎቹና ራዲያተሩ አዲስ ከሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ የደከመውን ቱቦ ፈልጎ ማፈንዳት ይሆናል።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰጣል። አይስሙ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ከታች ሌላ ሳህን አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ ውሃውን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተው ከጣሉት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆንና የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ያጨሳል።

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት በክር አንጠልጥለው ድስት ውስጥ፣ ታቹን ሳይነካ፣ ይሞክሩት። በ82 ገደማ ከንፈሩ መላቀቅ አለበት። ደሴ ላይ ከሞከሩት ግን ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብለው አይጣሉት፤ ድስቱ ከ92 አያልፍማ። ሲገጥሙት ትንሿ ቀዳዳና ተንቀሳቃሽ ፒኗ ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው።

5. ቬንትሌተሩ፣ የእኔ ጥፋት

አዲሱ ራዲያተር ሲገጠም፣ ቬንትሌተሩን የሚከብበው የፕላስቲክ መከለያ ቀዳዳዎቹ አልገጠሙለትም ነበር። ሠራተኛው «ይሄ ለውበት ነው» ብሎ ጥሎት ኖሯል፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሐረጎ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ የአይሱዙ ሹፌር ወርደው ወደ ሞተሩ አጎነበሱና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን የሚያህል ራዲያተር ገዝተህ ቬንትሌተሩን ራቁቱን ትተኸዋል?» አሉኝ። ሳቄ እስኪመጣ አፈርኩ። «አብሽር፣ በላሜራ ይሠራል» ብለውኝ ሄዱ።

መከለያ የሌለው ቬንትሌተር አየሩን በራዲያተሩ ውስጥ ከመሳብ ይልቅ ከጎኑ፣ ከራሱ ሞተር ቤት የጋለውን አየር መልሶ ያሽከረክራል። ይህን በወረቀት ማየት ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ፣ ከመኪናው ፊት ለፊት ቆመው (እጅ ቬንትሌተሩን ወደሚያዞረው ቀበቶ፣ ወደ ቺንጋው፣ ሳይጠጋ) አንድ የደብተር ቅጠል ራዲያተሩ ላይ ያስጠጉ። የእኔ መሐል ላይ ተለጠፈ፤ አራቱም ማዕዘን ላይ ሲሞከር ወደቀ። ያ ሁሉ ብር የከፈልኩበት አልሙኒየም የሚሠራው በአንድ ክብ ሰሐን ልክ ነበር።

በፓስታ ካርቶን ልክ ወሰድኩና ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ልኩ ይህ ነው፦ መከለያው በሞተሩ በኩል ያለውን የራዲያተሩን ገጽ በሙሉ ይሸፍን፣ ዳር ዳሩ ላይ የጎማ ሪቫን ይዙርበት፤ የቬንትሌተሩ ክንፍ ግማሽ ስፋቱ መከለያው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ይሁን፤ በክንፉ ጫፍና በመከለያው መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ኢንች አይብለጥ። ሞተሩ ሲነዝር ይወዛወዛልና ፈጽሞ አይጠበብ። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ማዕዘኑም ላይ ተለጠፈ።

ቀጥሎ ፋን ክላቹን፣ ቬንትሌተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን፣ ይዩ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሙቀቱ ገና እንዳለ፣ ክንፉን በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ያዝ ያዝ ማድረግ አለበት። እንደ ልጆች ጋሪ ጎማ እየዞረ ከቀጠለ ወይም መሐሉ ላይ የዘይት ዝርግፍ ካለ አልቋል። ከአምራቹ ውጭ የሚሠሩ ሞልተዋል። የጃፓኑ አይሲን ለቶዮታ ፋብሪካ የሚያቀርበውን ዓይነት በራሱ ስም ካርቶንም ይሸጣል፤ አስመሳዩም ስለሚበዛ አሮጌውን ይዘው ሄደው በእጅዎ ክብደቱን ያመዛዝኑ።

የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ለትንሽ ቤት መኪና ጥሩ ነው። ጥንድ የሆነው ግን እስከ 30 አምፔር ሊጠጣ ስለሚችል በሪሌይ፣ በፊውዝና በወፍራም ሽቦ መታሰር አለበት፤ ከ92 እስከ 95 ባለው ላይ የሚያስነሣ ማብሪያም ይፈልጋል። ለጭነት ናፍጣ መኪና አልመክርም፤ አንድ የተቃጠለ ፊውዝ ጨለማ ውስጥ አቀበት ላይ ያስቀርዎታል።

6. አሁን ራዲያተር

እስካሁን ያለው ተሠርቶ ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድ አሁንም ከሞቀ ራዲያተር ይገባዋል። ምርጫው ሁለት ነው። አልሙኒየሙ ቀላል ነው፤ ሙቀት በማስተላለፍ መዳብ ቢበልጠውም ቱቦዎቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ይካካሳል። የመዳብና ነሐሱ ባለሦስት ረድፍ ይከብዳል፤ ቢያፈስ ግን ባቲም ሆነ መርሳ በቆርቆሮ የሚበይድ ሰው አይጠፋም። አልሙኒየም በአርጎን ብየዳ ካልሆነ አይያዝም፤ ያ ደግሞ በየትንሹ ከተማ የለም። ቆላ ለሚመላለስ ሰው መዳቡን እመርጣለሁ። እኔ አልሙኒየሙን ይዤ የቀረሁት ስለገዛሁት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የአሮጌውን ቁመት፣ ስፋት፣ የቱቦ አፎቹን ዲያሜትርና አቅጣጫ በሜትር ይለኩ። ውፍረቱ ከጨመረ ከቬንትሌተሩ ጋር ያለው ርቀት ይጠባል፤ በመካከላቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት ይኑር። መኪናው አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው የዘይቱ ሁለት ቱቦዎች የሚገቡበት ቀዳዳ መኖሩን ያረጋግጡ። ሲገጠም በጎማ ላይ ይቀመጥ እንጂ ብረት ከብረት አይጠበቅ፤ የገጠሩ ጠጠር መንገድ ነዝሮ ይሰነጥቀዋል።

7. ቱቦና ፓምፕ

የሲሊኮን ቱቦ ሙቀት ይችላል፤ ዘይት ግን ያበላሸዋል። ውስጡ ለስላሳ የሆነ ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ይግዙለት፤ ቀዳዳ ያለው ተራው ፋሼታ እንደ ቢላ ይገባበታል። የታችኛው ቱቦ ውስጥ ሽቦ ጥምጥም ከነበረ ለአዲሱም ያስገቡለት፤ አለዚያ ፓምፑ ሲስብ ቱቦው ተጣብቆ ይዘጋል። የውሃ ፓምፑ ከሥሩ ካፈሰሰ ወይም ዘንጉ ከተወዛወዘ ይለወጥ፤ ቺንጋውም አብሮ።

8. ውሃው

የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ጨውና ኖራ አለው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተርም ውስጥ ይጋገራል። የተጣራ ውሃ ይግዙ። «የባትሪ ውሃ» ብለው ሲጠይቁ አሲድ እንዳይሰጥዎ ግን ጽሑፉን ያንብቡ። ከኩላንቱ (ከማቀዝቀዣው ኬሚካል) 40 በመቶ፣ ከተጣራው ውሃ 60 በመቶ ቢቀላቅሉ ለጉጉፍቱና ለደላንታ ውርጭም ይበቃል፤ ዝገትም ይከላከላል። ኩላንት ሲበዛ ሙቀት የመሸከም ችሎታው ስለሚቀንስ ኩላንት ብቻውን አይሙሉት። ቀለሙ ዓይነቱን አይነግርም፤ ስለዚህ ጽሑፉን ሳያነቡ አንዱን ከሌላው አይደባልቁ። አሮጌውን በቦይ አይድፉት፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ውሻና ፍየል ይልሰዋል።

ሲሞሉ አፍንጫው ሽቅብ እንዲሆን አቀበት ላይ ያቁሙት። ደሴ ውስጥ ሜዳ ነው የሚቸግረው። የማሞቂያውን በር ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፣ ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን ያስነሡ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የላይኛው ቱቦ እስኪግል ይጠብቁ፤ ውሃው ሲወርድ ይጨምሩ፣ ቱቦውን በጨርቅ ይዘው ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉ። አረፋው ሲያልቅ ይዝጉ። የቀረ አየር ቴስታታ ይሰነጥቃል።

9. ሙከራ

ባዶውን ኮምቦልቻ ወርደው ይመለሱ፤ ከዚያ በጭነት። ረዳት ካለዎት ሐረጎ ላይ በየኩርባው የሚታየውን ቁጥር ይጻፍልዎት። የእኔ አሁን በሙሉ ጭነት ከ94 እስከ 97 ይወጣል፤ ቬንትሌተሩ ሲጮህ ይሰማል፣ ደሴ መግቢያ ላይ ወደ 88 ይወርዳል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ፋሼታዎቹን ያጥብቁ፤ የውሃውን ልክ ይዩ። ያን ወረቀት አይጣሉት፣ ኮፈኑ ሥር ይክተቱት። በዚያው ኩርባ፣ በዚያው ጭነት ቁጥሩ ባንድ ወር ውስጥ አራት ዲግሪ ከጨመረ መጀመሪያ የሚፈለገው የማጠቢያው የውሃ ጎማ ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ፊት ያለ ገለባ ሆኖ ይገኛል።