ቀይ ባሕርን ከአራት ኪሎ በሳተላይት መከታተል፦ ችግርና መፍትሄ

አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ግን ከውጭ የምናስገባው እህልም ነዳጅም አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። የቀይ ባሕር ደህንነት ይመለከተናል። አራት ኪሎ አካባቢ የሳተላይት ምስል ከፍተው የሚሠሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እነሆ።

ዳውንሎዱ አያልቅም። ሴንቲኔል-1 የሚባለው በራዳር የሚያይ የአውሮፓ ሳተላይት አንድ ምስል አንድ ጊጋባይት አካባቢ ነው። ሙሉውን አታውርዱ። ኮፐርኒከስ በሚባለው የአውሮፓ የሳተላይት መረጃ ድረ ገጽ ላይ ክፈቱት፣ የምትፈልጉትን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ አስቀምጡ።

ሰዓቱ አይገጥምም። ምስሉ 7:30 ይላል፣ ጅቡቲ ያለው ሰው 10:30 ይላል፣ የእናንተ ሰዓት ደግሞ ከጠዋቱ 4:30። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሳተላይቱ የሚመዘግበው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር 3 ቀንሱ። ቀኑንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሱ፤ አለዚያ የሌላ ቀን ምስል ነው የምታወጡት።

ራዳሩ ላይ ጥቁር ነገር ታየ። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ሁሉም "ነዳጅ ፈሰሰ!" ይላል። ረጋ በሉ። ለራዳሩ ምልክት የሚመልሱለት የባሕሩ ትንንሽ ሞገዶች ናቸው። ነዳጅ እነሱን ያረግባቸዋል፤ ምልክቱ ይጠፋል፣ ቦታው ይጠቁራል። ችግሩ፣ ነፋስ ሲቆምም ባሕሩ እንዲሁ ይረግባል። አልጌ (ውኃ ላይ የሚበቅለው ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር) የሚተወው ቅባትም ያንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የዚያን ሰዓት የነፋስ መረጃ ፈልጉ። በሰከንድ ከ3 ሜትር በታች ከሆነ ጥቁሩን አትመኑት። ከ10 ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ ቢኖርም ሞገዱ ስለሚበትነው ላይታይ ይችላል። ቀጥሎ ቅርጹን እዩ። እየሄደች ያለች መርከብ የለቀቀችው ነዳጅ ቀጭንና ረዥም መስመር ይሠራል፤ ጫፉ ላይ መርከቧ ራሷ እንደ ብሩህ ነጥብ ልትታይ ትችላለች። ነፋስ የሌለበት ቦታ ግን ሰፊ ነው፣ ጠርዙም ደብዛዛ።

ይህን አጥብቄ የምለው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለችው ጭነት መርከብ በቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ በባብ ኤል መንደብ አካባቢ ከተመታች በኋላ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የነዳጅ ንጣፍ ታይቷል። በየሳምንቱ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ከላክን፣ እንዲህ ያለው እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ማን ይሰማናል? ኑሮው ባሕሩ ላይ የሆነ ዓሣ አጥማጅ ነው የሚጎዳው።

የክሎሮፊል (የአልጌ አረንጓዴ ቀለም) ካርታው የባሕሩን ዳርቻ ዓመቱን ሙሉ አልጌ የሞላበት ያስመስለዋል። ብዙ ጊዜ አልጌ አይደለም። ውኃው ጥልቀት የለውም፣ ጥርት ያለ ነው፤ ሳተላይቱ ወለሉን፣ አሸዋውንና ኮራሉን ያያል። ስሌቱ ያንን ቀለም ክሎሮፊል ብሎ ይቆጥረዋል። በሐምሌ አካባቢ ከሱዳን ቶካር በኩል የሚነሳው አቧራም ስሌቱን ያዛባል። የጥልቀት ካርታ ደርቡና ጥልቀት የሌለውን ክፍል አውጡት። የቀረውን ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያዩ፤ ለውጥ ያሳየውን ቦታ ብቻ ሪፖርት አድርጉ።