ፈቃድ ተከልክሎም መረጃ ከስልክ ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

የሚከተለው የአንድሮይድ ስልኮችን ይመለከታል፤ የቅንብሮች ስያሜና አቀማመጥ እንደ ስልኩ አምራች በመጠኑ ይለያያል።

ችግር፦ ለአንድ መተግበሪያ የአካባቢ፣ የማይክሮፎንና የእውቂያዎች ፈቃድ ተከልክሏል፤ ሆኖም የዳታ አጠቃቀም ገጹ መተግበሪያው ሳይከፈት እንኳ ዳታ መጠቀሙን ያሳያል።

መንስኤ፦ እነዚህ ፈቃዶች የሚወስኑት መተግበሪያው ከስልኩ ምን ማንበብ እንደሚችል እንጂ በእጁ ያለውን ወዴት እንደሚልክ አይደለም። አንድሮይድ ኢንተርኔት የመጠቀም ፈቃድን መተግበሪያው በሚጫንበት ጊዜ ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ ስለሚሰጥ፣ በአብዛኞቹ ስልኮች የፈቃዶች ዝርዝር ውስጥ ይህን ፈቃድ የሚዘጋ አማራጭ ተፈልጎ አይገኝም። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ፈቃድ ይህ ነበር።

መፍትሄ፦ መተግበሪያው የማያስፈልግ ከሆነ ማራገፍ ይሻላል። የሚያስፈልግ ከሆነ በቅንብሮች ውስጥ ወደ መተግበሪያው የዳታ አጠቃቀም ገጽ ገብቶ ከበስተጀርባ ዳታ እንዳይጠቀም መከልከል ይቻላል። ይሁንና ይህ ክልከላ የሚሠራው በሞባይል ዳታና የዳታ ገደብ አለው ተብሎ በተመዘገበ ዋይፋይ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩ ከሌላ ዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ መተግበሪያው ወደ መላኩ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ መዝጋት የሚፈልግ ሰው በስልኩ ላይ የቪፒኤን ግንኙነት (የስልኩን የኢንተርኔት ግንኙነት በራሱ በኩል የሚያሳልፍ መስመር) ፈጥሮ የሚወጣውንና የሚገባውን መረጃ እዚያው የሚያጣራ የፋየርዎል (ያልተፈለገ ግንኙነትን የሚያግድ) መተግበሪያ መጫን ይችላል። አንድሮይድ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ቪፒኤን ስለማያሠራ ግን ፋየርዎሉ ሲበራ ሌላው ቪፒኤን ይቋረጣል።

ችግር፦ የአካባቢ ፈቃድ ተዘግቶ ሳለ ማስታወቂያዎች ተጠቃሚው ያለበትን ከተማ ያውቃሉ።

መንስኤና መፍትሄ፦ የአይፒ አድራሻ (ግንኙነቱ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ግምታዊ ቦታን ይጠቁማል፤ የማስታወቂያ መለያው (ስልኩ ለማስታወቂያ ሥራ ለመተግበሪያዎች የሚሰጠው ኮድ) ደግሞ በተለያዩ መተግበሪያዎች የተሰበሰበውን መረጃ አንድ ላይ ያያይዛል። መለያውን በማስታወቂያ ቅንብሮች ውስጥ መሰረዝ የሚቻል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት መተግበሪያዎች የዜሮዎች ድርድር ብቻ ያገኛሉ። አይፒውን ቪፒኤን ይሸፍነዋል፤ ነገር ግን ቀድሞ የኢንተርኔት አቅራቢው ያየው የነበረውን አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ስለሚያየው፣ ገቢው ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ነጻ ቪፒኤን ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ችግር፦ የግል ዲኤንኤስ (ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚለውጥ አገልግሎት ነው) የአገልጋይ ስም ገብቶለት ከተስተካከለ በኋላ ዋይፋዩ ቢገናኝም ድረ ገጾች አይከፈቱም።

መንስኤ፦ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ያለው ይህ አማራጭ የድረ ገጽ ስም ጥያቄዎችን አመስጥሮ በአብዛኛው በፖርት 853 (ፖርት የግንኙነት በር ቁጥር ነው) ይልካል። አውታረ መረቡ ይህን ፖርት ከዘጋ ወይም የአገልጋዩ ስም በአንድ ፊደል ከተሳሳተ፣ ስልኩ ወዳልተመሰጠረው መንገድ ስለማይመለስ ምንም ገጽ አይከፈትም።

መፍትሄ፦ በቅድሚያ የአገልጋዩን ስም አጻጻፍ ማረጋገጥ፣ ቀጥሎም በሞባይል ዳታ መሞከር ነው። በሞባይል ዳታ ከሠራ እንቅፋቱ ያለው ዋይፋዩ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ እስካሉ ድረስ አማራጩን ወደ ራስ-ሰር መቀየር ይቻላል፤ ራስ-ሰር ግን ምስጠራው ካልተሳካ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥያቄዎቹን በግልጽ ስለሚልክ፣ ከዋይፋዩ ሲወጡ የአገልጋዩን ስም መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል።